ለመመለሷ ማስረጃ

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ሁለት እናት ነበረኝ። እንዲያ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። በልጅነቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር፣ ትልልቅ ሰዎች የሚደብቁትን ነገር እደርስበታለሁ። የደረስኩበት አብዛኛው ስህተት መሆኑን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ጋሽ ደሞዝ ሱቅ ነው። ጋሽ ደሞዝ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ካሜራና አንድ ቬንትሌተር ነበረው። በሩ ላይ «ዲቪ እንሞላለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ እናነሳለን» ይላል። ወሩ መጋቢት ስለነበረ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የሚፈይደው ነገር አልነበረም። እማዬና እትዬ አይናለም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ተበላሽተው የተጣሉ ጉርድ ፎቶዎችን እሰበስባለሁ፤ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሰዎች ብቻ ናቸው።

እትዬ አይናለም እማዬ ነርስ ሆና በምትሠራበት ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ከቤታችን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ የመጣችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። አሁን ደግሞ ስፔን ልትሄድ ነው። ስፔንን አውቃታለሁ፤ አምና የአውሮፓ ዋንጫ ስትበላ የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ጣሪያው ሊነሳ ደርሶ ነበር።

«እዚህ ጋ ለመመለስሽ ማስረጃ ይላል» አለ ጋሽ ደሞዝ። «ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ቤት?»

«የኪራይ ነው።»

«መሬት? መኪና?»

«ኧረ ደሞዝ፣ አታሹፍብኝ።»

«እኔ አይደለሁም የጠየቅኩሽ፣ ፈረንጁ ነው። ልጅስ?»

እትዬ አይናለም የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። ጋሽ ደሞዝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኛውን ካነሳሽ አለቀልሽ። ልትቀር ነው ይላሉ። ስንቱን አይቻለሁ።»

ያኛው ምን ይሆን ብዬ ቀና አልኩ። ይኼኔ ነው እማዬ «ሶሊ አለች» ያለችው።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ላይ የጨፈኑ ሰዎች ነበሩ፤ የሰረቅኩ መስሎኝ መልሼ ወለሉ ላይ በተንኳቸው።

በማግስቱ ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ። ከጋሽ ደሞዝ ካሜራ ፊት ለፊት፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ሥር፣ እትዬ አይናለም ጭን ላይ ተቀመጥኩ። «እንደ እናትሽ እቀፊያት» አለኝ ጋሽ ደሞዝ። እማዬ መጥታ የቀሚሴን ኮሌታ አስተካከለች፣ በምራቋ ቅንድቤን ጠረገች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ ካሜራው ጀርባ ቆመች። ያንን በደንብ አስተዋልኩ። ከፎቶው ወጣች።

ስለዚህ ተሰጥቻለሁ።

አልከፋኝም። ከክፍላችን ልጆች ግማሹ የሚኖረው ከወለደው ሰው ጋር አልነበረም። አጠገቤ የምትቀመጠው የኛጃል እናት ኢታንግ ወረዳ ነው የምትኖረው፤ እሷ ግን ከአክስቷ ጋር እዚህ ትማራለች፣ ክረምት ሲሆን ወደ እናቷ ትሄዳለች። አባቴም ቢሆን ግብርና ባለሙያ ሆኖ ቡና አብቃዩ መቲ ነበር የሚኖረው፤ ብርድ ልብስ እየለበሰ ከቡና ጋር ያድራል እያልን እናሾፍበታለን። ሰው በእኛ ከተማ እንዲህ ነው፣ አንዱ አንዱ ጋ ያድጋል። እኔን ያሳሰበኝ አዲሱ ቤት ምን አለው የሚለው ብቻ ነበር። የእትዬ አይናለምን ክፍል እየዞርኩ መረመርኩ። አልጋው ከእኛ ይሰፋል። ሬዲዮ አለ። አጎበሩ ግን ሦስት ቦታ ተቀዷል፤ ይኼ ትልቅ ጉድለት ነው።

እማዬን ጠየቅኳት። «እሷ ጋ ስሄድ አጎበሬን እወስዳለሁ?»

ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር። «ምን ያደርግልሻል? እዚያ የወባ ትንኝ የለም» አለችኝ። እሷ ለቪዛው የሚኬድበትን አዲስ አበባን ነበር ያለችው። እኔ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ነው ያልኩት። ነርስ ሆና እንዲህ ማለቷ በጣም ገረመኝ።

አዲስ አበባ እንድሄድ የተወሰነው በጋሽ ኦቻላ ምክር ነው። ጋሽ ኦቻላ ጎረቤታችን የነበሩ የአኙዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ማንጎ ዛፋቸው ሥር ያስታርቃሉ። እትዬ አይናለም ፎቶውንና ጋሽ ደሞዝ የጻፈላትን ደብዳቤ ስታሳያቸው ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ይኼ ወረቀት ነው» አሉ። «ወረቀት ማን ያምናል? እኔ ጋ ሰው ሲካሰስ ወረቀት አላይም። ሰውዬው አምጣ እላለሁ። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሁሉ ሰው ያያል። አለቀ። ልጅ ይዘህ ሂድ።»

ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚሄደውም ሴት ይሁን ወንድ፣ ለጋሽ ኦቻላ አማርኛ ልዩነት አልነበረውም። እማዬና እትዬ አይናለም ተያዩ። እውነት ነው። ፎቶ እኮ ማንም ያነሳል፤ በአካል የቀረበች ልጅን ግን ማን ይክዳል? ጋሽ ደሞዝ እንኳ ነገሩን ሲሰማ «ጥሩ ብልሃት ነው» አለ። ዛሬ ሳስበው ከአራት ጎልማሳ ሰዎች አንዱ እንኳ ይህን አለማሰቡ ያስቀኛል። ለመመለሷ ማስረጃ የምትሆነው ልጅ ማስረጃ የምትሆነው እቤት ስትቀር ነው።

ለመንገዱ ልብስ ስናዘጋጅ ነው ልጁን ያየሁት። እትዬ አይናለም አልጋዋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ነበራት። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከፈትኩት። ፎቶ ነው። የእኔ እኩያ የሚሆን ልጅ ብስክሌት ይዞ ቆሟል፣ ጭንቅላቱ ላይ የሐብሐብ ግማሽ የመሰለ ነገር ደፍቷል። ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ፎቶው እጄ ላይ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም፤ ባልዲውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማነው?» አልኳት።

«ጸጋአብ ይባላል።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ስፔን ነው የሚኖረው።»

ይኼ ለጥያቄዬ መልስ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግንባሩን አየሁ፣ ግንባሯን አየሁ። ያው ነው፣ ሰፊና መሃሉ ላይ ትንሽ የጎደጎደ። እኔ አሁን የእሷ ልጅ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ግንባሯን ይዟል፤ እንግዲህ ወንድሜ ነው ማለት ነው። አንድ እናት ሳገኝ ወንድምም በምራቂ መጣልኝ።

«ልታመጪው ነው የምትሄጂው?»

«ላየው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» አለችና ፎቶውን ወደ ቆርቆሮው መለሰች። «ነይ አሁን፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ።»

ያን ጊዜ ያላወቅኩትን እዚህ ላይ ልናገር። እትዬ አይናለም ጸጋአብን የወለደችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባትየው አልቆየም። እሷ በወባ ላይ ወባ ተደራርቦባት ሞተች ተብላ ስትተርፍ፣ ጡቷ ደርቆ፣ እናቷም አልጋ ይዘው፣ ሕፃኑን ሌላ ከተማ ላለ የልጆች ማሳደጊያ ሰጠችው። ወረቀት ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። ልጁ ውጭ አገር ሄዶ ተምሮ ይመጣል ብላ ነው የገባት። ሞኝ ሆና አይደለም። ኛጃልን አክስቷ ጋ እንደላኳት፣ ልጅን ለሚያሳድግ ሰው መስጠት ለእሷ ልጅን ማጣት አልነበረም። እኔ በሰባት ዓመቴ የተሳሳትኩትን ስህተት እሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተሳስታዋለች። ልዩነቱ በእኔ ስህተት ላይ ማንም ማኅተም አላደረገበትም።

ያሳደጉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። በየዓመቱ ፎቶ ይልካሉ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቴን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ አላስቀምጥ ሲላቸው የግብዣ ደብዳቤ ላኩላት፣ ለአሥር ቀን። ትኬቱንም እኛ አሉ። የቀረው ቪዛው ብቻ ነበር።

አውቶቡሱ ከጋምቤላ ተነስቶ ወደ ጎሬ ዳገቱን ሲወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እትዬ አይናለም ጋቢዋን አከናነበችኝ። ከሰውነቴ ላብ ሲጠፋ የታመምኩ መሰለኝ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ስታስጠናኝ ነበር።

«ይቺ ማነች ካሉሽ?»

«እማዬ።»

«ስምሽ ማነው ካሉሽ?»

«ሶሊ።»

«ሌላ ነገር ከጠየቁሽ?»

«እማዬ።»

«ሌላ ነገር ከጠየቁሽ ዝም በይ፣ የኔ ጌታ። ማፈር ነው።»

ማፈርን ግን ማን አስተምሮኝ ያውቅና?

የኤምባሲው ዘበኛ ልጅ አይገባም አለ። ለመነችው፣ «ማየት አለባቸው» አለችው፣ ሰልፉ እየረዘመ ሲመጣ ሰለቸውና አስገባን። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከመስታወቱ ወዲያ ቀይ መነጽር ያደረገች ፈረንጅ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ከረባት ያሰረ አስተርጓሚ አለ። እትዬ አይናለም ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬ ተንቀጠቀጥኩ፤ ደስ የሚል ነገር ነበር፣ እንደ ባጃጅ።

«ለስንት ቀን ነው?»

«ለአሥር ቀን።»

«ከጋበዙሽ ሰዎች ጋር ምንድን ናችሁ?»

«ወዳጆቼ ናቸው።»

«ልጆች አሉሽ?»

«አንድ። ይቺት።»

ፈረንጇ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። የሆነ ነገር ተናገረች። አስተርጓሚው «ልጅቷም አብራ ልትሄድ ነው ወይ እያለች ነው» አለ።

«አይደለም፣ እንድታዩዋት ነው ያመጣኋት።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስተላለፈ። ፈረንጇም ፈገግ አለች። ጥሩ ሴት ነበረች። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ በቀጥታ እኔን አነጋገረችኝ፣ እሱም ተረጎመው። «እናትሽ ከስፔን ምን እንድታመጣልሽ ትፈልጊያለሽ?»

ይቺ ማነች አላሉኝም። ስምሽ ማነው አላሉኝም። የሁለት ቀን ጥናቴ ከንቱ ቀረ። ይኼ ጥያቄ ግን መልሱን የማውቀው ነበር።

«ጸጋአብን» አልኩ።

«ጸጋአብ ምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነዋ! ብስክሌት አለው።»

የእትዬ አይናለም ጉልበት መንቀጥቀጡን አቆመ። አስተርጓሚው ቀስ ብሎ ተረጎመ። ፈረንጇ የግብዣውን ደብዳቤ ገልጣ የቤተሰቡ ስም የተዘረዘረበት ጋ ጣቷን አወረደች። አንዱ ስም ላይ ቆመች። አፏን አጣማ «ጸጋአብ» ብላ አነበበችው፣ ቀና ብላም አየችን።

እትዬ አይናለም አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን እጄን አላቀቀች። ከጭኗ አውርዳ አጠገቧ አቆመችኝ።

«ይቺ የጓደኛዬ ልጅ ናት» አለች። «ልጄ እሱ ነው። እኔ ነኝ የወለድኩት። አንድ ያልኳችሁ ውሸት አይደለም፤ አንድ ነው። እሱ ነው።»

ተናደድኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣለችኝ! ወንድሜን ባስታወስኩላት፣ እሱን አንስታ እኔን ወረወረችኝ። ልናገር ስል ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ራሷን ግን ቀጥ አድርጋ ይዛለች። ፈረንጇ በመስታወቱ ሥር ሶፍት አሾለከችላት፣ ከዚያም ረጅም ነገር ጻፈች። ብዙ መጻፏን አየሁና ማለፋችንን እርግጠኛ ሆንኩ። ትንሽ ብትጽፍ ኖሮ እሰጋ ነበር።

ስንወጣ ኬክ ቤት አስገባችኝ። ሁለት ኬክ በላሁ፤ እሷ አልበላችም፣ ሻዩንም አልነካችውም። ከዚያ ሰባት ዓመት የሞላኝን ልጅ አዝላኝ አስፋልቱን ወረደች። «አልኳቸው እኮ ሶሊዬ» ትላለች በየመሃሉ። «አልኳቸው እኮ!» ድምፅዋ ይስቅ ነበር። ኩርፊያዬን ተውኩ። እንዲህ ደስ ካላት በቃ፣ እሺ ብለዋታል።

ጋምቤላ ስንደርስ እማዬ መናኸሪያ መጥታ ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ፤ እኔን ያየኝ የለም። እቤት ስንገባ አጎበሬን ከአልጋው ፈትቼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

«ወዴት?» አለች እማዬ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። የእሷ የተቀደደ ነው።»

አስረዳኋቸው፤ ፎቶውን፣ ከፎቶው መውጣቷን፣ ኛጃልን። መጀመሪያ ሳቁ፣ እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ እትዬ አይናለም መሳቋን አቆመች፣ እማዬም አቆመች። እማዬ አጎበሩን ከእጄ ተቀብላ መልሳ ሰቀለችው።

ፓስፖርቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ውስጡ ብዙ ትንንሽ ሣጥኖች ያሉት ወረቀት ነበረ፤ አንዱ ሣጥን ላይ የኤክስ ምልክት አለበት። ትምህርት ቤት ኤክስ ማለት ስህተት ነው። «የቱን ጥያቄ ነው የተሳሳትነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ እማዬ። ወጣሁ። ጸጋአብን ግን ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩት፤ ብስክሌቱን እንደሚያስነዳኝ ለኛጃል ሳልነግራት የዋልኩበት ቀን የለም።

ዛሬ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ኩሌ መጠለያ ጣቢያ ስደተኛ ቤተሰቦችን እመዘግባለሁ። ስንት ልጆች አሉሽ ብሎ መጠየቅ ሥራዬ ነው። ባለፈው ኅዳር ኛዱዎት የምትባል ሴት ይህን ስጠይቃት ጣቷን መቁጠር ጀመረች፣ አራተኛው ላይ ቆመች፣ አስተርጓሚዬን ጠየቀችው። «እዚህ ያሉትን ነው ወይስ የወለድኳቸውን?» ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። ያ መስታወት፣ ያ ቀይ መነጽር መጣብኝ። ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ካወቅኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይቅርታ ብዬ ግን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ጋምቤላ ገብቼ በቀጥታ ወደ እትዬ አይናለም ሄድኩ።

አሁን የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ የባሮን ወንዝ ተሻግሮ የራሷ ቤት አላት። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። «እኔ ነኝ ያስከለከልኩሽ» አልኳት።

ሰማችኝና ሳቀች። «ኤክሱ ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? ቪዛዋ ሳያበቃ ከአገራችን ትወጣለች ብለን ለማመን አልቻልንም ነው የሚለው። ልክ ነበሩ።»

«እንዴት ልክ ነበሩ?»

«አልመለስም ነበር፣ ሶሊ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን አግኝቼ በአሥር ቀን ልመለስ? ቤታቸው ደጃፍ ላይ አድር ነበር እንጂ አልመለስም።»

«እማዬስ? እኔን ማስረጃ አድርጋ…»

«እናትሽ ታውቃለች። መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው። 'ሂጂና ቅሪ፣ ለእኔዋ ልጅ እኔ አለሁላት' አለችኝ።»

እማዬን በሃያ አራት ዓመቴ አዲስ ሰው ሆና አገኘኋት። ለማትመለስ ሴት መመለስ፣ ያላትን አንዲት ልጅ አውጥታ ማስረጃ አድርጋ ነበር።

«ደግሞ አንቺ ባትናገሪ ኖሮ» አለች እትዬ አይናለም፣ «ጸጋአብ ልጄ አይደለም ብዬ ፈርሜ እወጣ ነበር። አንዴ ፈርሜያለሁ፤ ሁለተኛውን አልችለውም ነበር። ያን ቀን ኬክ ቤት ውስጥ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። አሁን ተይው ይኼን፤ እንኳን ራስሽ መጣሽ። ሥራ አለኝ።»

ስልኳን አቀበለችኝ። የግብዣ ደብዳቤ ነው። ከታች የፈረመው ጸጋአብ ራሱ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ቤት ተከራይቷል። ሁለቱ በስልክ ከተገናኙ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሱ በስፓኒሽ ይጽፋል፣ ስልኩ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ እሷም እንዲሁ። ቅጹ አሁን በኢንተርኔት ነው የሚሞላው። ጋሽ ደሞዝ አርጅቷል፤ ስለዚህ እኔ ልሙላላት ሆነ። ስሟን፣ ፓስፖርቷን፣ የምትሠራበትን ሞላሁ፤ የልጆች ብዛት የሚለው ጋ ስንደርስ ሳልጠይቃት አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ስሙንም ጻፍኩ።

«ለመመለስሽ ማስረጃ ይላል» አልኳት። «ምን ልበል?»

«ቤቴን በይ። ሥራዬን በይ። እመለሳለሁ በይ።»

ቀና ብዬ አየኋት። «እውነትሽን ነው?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ፎቶውን ከስልኩ ላይ ከፈተችው፤ ጢሙን ያሳደገ ረጅም ሰውዬ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ያኔ እናቱ ልሆን ነበር የምሄደው» አለች። «አሁን ሰውዬ ሆኗል፣ እናት አሳድጋዋለች። አልጋ አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ከተማውን አስጎበኝሻለሁ ይለኛል። እንዲህ የሚባለው ለማን ነው?»

«ወር ሙሉ እኮ ነው የጋበዘሽ» አልኩ።

«ሁለት ሳምንት ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። «እንግዳ ነኝ፣ ሶሊዬ። እንግዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»